ጀልባ የሚይዘው የሰንሰለቱ ክብደት ነው ወይስ ርዝመቱ?

ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ስለ ጀልባ መልሕቅ ስጽፍ የሚስቅብኝ አይጠፋም። በእኛ በኩል ጀልባ የሚጠይቅ ውኃ የለም። በሬሳን በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ ይሻገሩታል። ጀማም ቢሆን ገደል ውስጥ የሚሮጥ ወንዝ ነው። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት መርከብ ላይ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ከፊት፣ መልሕቁ አጠገብ። አሁን እዚሁ ከተማ ትንሽ የብረታ ብረት ቤት አለኝ። ሰንሰለት ሳይ ዛሬም እጄን ይበላኛል።

የእህቴ ልጅ ባሕር ዳር ነው። ጣና ላይ ሰው የሚያመላልስባት 7 ሜትር ጀልባ ገዝቷል። ባለፈው ኅዳር ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ጀልባዋ የለችም!»

ኋላ ተገኘች። እሱ ምሳ ሊበላ ወርዶ ሳለ ነፋስ ተነሥቷል። መልሕቋን እየጎተተች ሄዳ ደንገል ውስጥ ተሰክታለች። ጉዳት የለም፤ ተመስገን።

«ሰንሰለቱ ምን ዓይነት ነው?» አልኩት።

«ከባድ ነው ጋሼ! ውፍረቱ 13 ሚሊ። እሱን ይዛ ትሄዳለች ብዬ አላሰብኩም።»

«ርዝመቱስ?»

«ሰንሰለቱ 6 ሜትር፣ ከዚያ 4 ሜትር ገመድ።»

«ውኃው ጥልቀቱ ስንት ነበር?»

«5 ሜትር ገደማ።»

ነገሩ ገባኝ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። ይህን የምጽፈውም ለእሱና ለመሰሎቹ ነው፤ ጣና ይሁን፣ ዝዋይ ይሁን፣ ሐዋሳ፣ አሠራሩ አንድ ነው።

መጀመሪያ ፈረሱን አስቡት

ፈረስ መስክ ላይ በችካል አስራችሁ ታውቃላችሁ? ገመዱን ካሳጠራችሁት ፈረሱ ቀና ባለ ቁጥር ችካሉን ወደ ላይ ይስበዋል። ሁለት ሦስቴ ይነቀንቀውና ነቅሎት ይሄዳል። ገመዱ ሲረዝም ግን ያው ፈረስ፣ ያው ችካል፣ አይነቀልም። የሚስበው ወደ ጎን ነዋ። ወደ ጎን ሲሳብ መሬቱ ይይዘዋል።

መልሕቅም እንደዚያ ነው። ጀልባ የሚይዘው በክብደቱ አይደለም። የሐይቁን ወለል ቆፍሮ ስለሚገባ ነው። ማረሻ በሉት። እንዲያውም የማረሻ ቅርፅ ያለው መልሕቅ አለ። ወደ ፊት ሲጎተት ይሰምጣል፣ ወደ ላይ ሲሳብ ይወጣል። ይህን ለሰሜን ሸዋ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሞፈሩ ከልኩ በላይ ቀና ሲል ማረሻው ምን እንደሚሆን ያውቀዋል።

የሰንሰለቱ ሥራ እንግዲህ ጉተታው መልሕቁ ጋ ሲደርስ አግድም እንዲሆን ማድረግ ነው። ክብደቱ ሰንሰለቱን ወደ ታች ያረግበዋል፤ የመጨረሻው ክፍል ወለሉ ላይ ይተኛል። ሞገድ ጀልባዋን ሲገፋት መጀመሪያ ያ የረገበው ይነሣል። መልሕቁ ድንገተኛ ጉተታ አይደርስበትም። በዚያ ላይ ሰንሰለት ድንጋይ አይቆርጠውም።

እዚህ ድረስ «ክብደት ጥሩ ነው» የሚለው ልክ ነው። ጥያቄው ለክብደት የምታወጡትን ብር በምን መልክ ትገዙበታላችሁ ነው። በወፍራምና አጭር ነው ወይስ በቀጭንና ረጅም?

መስክ ላይ የሞከርነው

ልጁ ለገና መጣ። በማግስቱ ማለዳ ከቤታችን ጀርባ ያለው መስክ ላይ ወጣን። 10 ሜትር የሆነ 8 ሚሊ ሰንሰለት ዘረጋን። አንዱን ጫፍ ከመሬት እኩል በተመታ ችካል ላይ አሰርነው። ሌላውን ጫፍ በበግ መመዘኛው ሚዛን መንጠቆ ላይ አንጠለጠልነው። ሚዛኑን ወገባችን ላይ፣ 1 ሜትር ከፍታ ያህል ይዘን ወደ ኋላ መሳብ ጀመርን።

ሣሩ ውርጭ ስለነበረበት ነጭ ነበር። ሰንሰለቱ የተነሣበት ቦታ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። ከዚህ የተሻለ ማስመሪያ የለም።

ሚዛኑ 5 ኪሎ ሲል ወደ 3 ሜትር ሰንሰለት ከመሬት ተነሣ። 20 ኪሎ ሲደርስ 5 ሜትር ተኩል አካባቢ። 40 ኪሎ ላይ 7 ሜትር ተኩል። ልብ በሉ፤ ጉልበቱ ከ5 ወደ 20 አራት እጥፍ ሲሆን የተነሣው ሰንሰለት እጥፍ እንኳ በቅጡ አልሞላም። ችካሉ ጋ ያለው የመጨረሻ ቀለበት ብድግ እንዲል ሁለታችንም መሳብ ነበረብን። ሚዛኑ 70 ኪሎ አካባቢ ነበር። ልጁ በውርጩ አንሸራቶት በቂጡ ተቀመጠ።

ይህ በስሌትም ይገኛል፤ ወረቀት አውጡ። የሰንሰለቱን ርዝመት በራሱ አባዙ። ከእሱ ላይ ከፍታው በራሱ ተባዝቶ ይቀነስ። የቀረውን ለከፍታው እጥፍ አካፍሉ። በ1 ሜትር ሰንሰለት ክብደት አባዙት። የ8 ሚሊ ሰንሰለት 1 ሜትሩ 1.4 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ 100 ሲቀነስ 1፣ 99 ነው። ለ2 ሲካፈል 49.5። በ1.4 ሲባዛ 69.3 ኪሎ። ሚዛናችን አልዋሸም።

አሁን 14 ኪሎ ብረት ጨምሩበት ተባልን እንበል። ብረቱን ለውፍረት ካዋላችሁት፣ ማለትም ያው 10 ሜትር ሆኖ ክብደቱ እጥፍ ከሆነ፣ የመጨረሻው ቀለበት የሚነሣው 139 ኪሎ ላይ ነው። እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ለርዝመት ካዋላችሁት፣ ማለትም ያው 8 ሚሊ ሆኖ 20 ሜትር ከሆነ፣ 279 ኪሎ ይፈልጋል። አራት እጥፍ! ይህን በእጃችን አልሞከርነውም፤ በሬ አልነበረንም።

ብረቱ አንድ ነው፤ ኪሎውም አንድ ነው። ረጅሙ ግን በእጥፍ ይበልጣል።

ልጁ ዝም ብሎ አሰበና «እንግዲያው የኔ 13 ሚሊስ?» አለኝ። ሠራንለት። 13 ሚሊ በሜትር 3.8 ኪሎ ገደማ ነው፤ ውኃ ውስጥ ብረት ከክብደቱ ወደ 13 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ 3.3 እንበለው። ከጀልባዋ አፍንጫ፣ ማለትም ከፊቷ ጫፍ፣ እስከ ወለሉ 6 ሜትር ነው፤ 5 ሜትር ውኃ፣ 1 ሜትር ከውኃው በላይ። 10 ሜትሩ በሙሉ ያ ወፍራም ሰንሰለት ቢሆን ኖሮ እንኳ 18 ኪሎ በማይሞላ ጉተታ ሁሉም ከወለሉ ይነሣ ነበር። 18 ኪሎ ማለት አንድ በግ ማለት ነው። ያንኑ 38 ኪሎ ብረት በ8 ሚሊ ቢገዛው 27 ሜትር ይሆንለታል፤ ውኃ ውስጥ በሜትር 1.2 ኪሎ ብለን እሱን ለማንሣት 69 ኪሎ ገደማ ያስፈልጋል።

ግን ሰንሰለት ብቻውን አያድንም

የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጀልባዋን የሚገፋው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ላይ ቀልድ የለም። አፍንጫዋ ከወለሉ 5 ሜትር ከፍ ያለች ጀልባ ውሰዱ፤ 4 ሜትር ውኃ፣ 1 ሜትር ደግሞ ከውኃው በላይ። በ8 ሚሊ ሰንሰለት 25 ኪሎ ለሚሆን ጉተታ 15 ሜትር ይበቃል። ነፋሱ እጥፍ ሆኖ 100 ኪሎ ሲሆን 29 ሜትር ትፈልጋላችሁ። እንደገና እጥፍ ሆኖ 400 ኪሎ ቢሆን ወደ 58 ሜትር። ያ 80 ኪሎ ብረት ነው። ትንሽ ጀልባ አፍንጫዋ ላይ 80 ኪሎ ብረት ጭና አትሄድም፤ ብትሄድም ሞገድ ይገባባታል።

ስለዚህ ማዕበል ሲመጣ ሰንሰለታችሁ መወጠሩ አይቀርም። ያኔ የክብደቱ ነገር ያበቃል። የሚቀረው የርዝመትና የጥልቀት ንጽጽር ብቻ ነው። ቀጥ ብሎ የተወጠረ ገመድ ርዝመቱ የጥልቀቱ 3 እጥፍ ከሆነ መልሕቁን ወደ 19 ዲግሪ ቀና አድርጎ ይስበዋል። 5 እጥፍ ሲሆን 11 ዲግሪ ተኩል። 7 እጥፍ ላይ 8 ዲግሪ። 10 እጥፍ ላይ ከ6 ትንሽ ያንሳል። የእህቴ ልጅ 10 ሜትር ለ6 ሜትር ነበር፤ 37 ዲግሪ። ለመልሕቅ ይህ መነቀል ነው።

ትንሽ ጀልባ ያለው ሰው የሚያዋጣው እንግዲህ ድብልቅ ነው፤ መልሕቁ ጋ ሰንሰለት፣ ከዚያ በላይ ናይለን ገመድ።

ከመግዛታችሁ በፊት

ጥልቀቱን ለኩ። «5 ሜትር ገደማ» አይሠራም። ቀጭን ገመድ ላይ ድንጋይ ወይም የብረት ቁራጭ እሰሩ፤ በየሜትሩ ቋጠሮ አድርጉ። ክንድ አትጠቀሙ፤ የእኔና የእናንተ ክንድ አንድ አይደለም። ጀልባዋ በምትቆምበት ብቻ ሳይሆን ዞራ ልትደርስ በምትችልበት ሁሉ ለኩ። በክረምት ሐይቁ ይሞላል፤ በሰኔ የለካችሁት በመስከረም አይሠራም። ከዚያ የአፍንጫውን ከፍታ ጨምሩ። ይህን የሚረሳው ብዙ ነው። 3 ሜትር ውኃ ላይ 1 ሜትር መርሳት ሩቡን መርሳት ነው።

ሰንሰለቱን ራሳችሁ መዝኑ። ሻጩ «8 ሚሊ ነው» ሊል ይችላል። የቀለበቱን የሽቦ ውፍረት በካሊፐር፣ በውፍረት መለኪያው፣ ለኩ፤ 1 ሜትሩን ሚዛን ላይ አንጠልጥሉ። 6 ሚሊ ወደ 0.8 ኪሎ፣ 8 ሚሊ 1.4፣ 10 ሚሊ 2.3 አካባቢ መምጣት አለበት። በጣም ከራቀ ወይ ያረጀ ነው ወይ ሌላ ነገር ነው። ቀለበቶቹ በብየዳ የተዘጉ መሆናቸውን አንድ በአንድ እዩ። የመብራት መስቀያ የሚሆነው ክፍት ቀለበት ያለው ሰንሰለት ለዚህ አይሆንም። ዚንክ የተነከረ ቢሆን ይመረጣል።

ለ6 እና 7 ሜትር ጀልባ 8 ሚሊ በቂ ነው። ሰንሰለቱ ቢያንስ የጀልባዋን ርዝመት ያህል ይሁን፤ እኔ ለልጁ 10 ሜትር አደረግኩለት። ከሱ በላይ 35 ሜትር ናይለን። ድምሩ 45 ሜትር፤ ለ6 ሜትር ከፍታ 7 እጥፍ ደርሶ ትርፍ አለው።

ገመዱ ናይለን ይሁን ስል ምክንያት አለኝ። ናይለን ይለጠጣል፤ የሞገዱን ንዝረት ይውጠዋል። ደግሞም ይሰምጣል። ያ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው የፕላስቲክ ገመድ ርካሽ ነው፤ ግን ብዙም አይለጠጥም፣ ተንሳፎም የሞተር ቢላዋ ላይ ይጠመጠማል።

ማሰር

መልሕቁንና ሰንሰለቱን የሚያገናኘው ሻክል፣ ያ በብሎን የሚዘጋው የብረት ማያያዣ፣ ከሰንሰለቱ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ይሁን፤ ቀለበቱ ውስጥ ከገባ ማለቴ ነው። ብሎኑን ካጠበቃችሁ በኋላ ቀዳዳው ውስጥ ሽቦ አሳልፋችሁ ጠምዝዙት። ንዝረት ብሎን ይፈታል። ገመዱ ሰንሰለቱን የሚነካበት ቦታ ላይ የብረት ማስገቢያ ቀለበት አድርጉ፤ አለዚያ ብረት ናይለኑን በልቶ ይጨርሰዋል።

የገመዱን ሌላኛ ጫፍ ደግሞ መልሕቁን ከመጣላችሁ በፊት ጀልባዋ ላይ እሰሩ። ሞኝነት ይመስላል አይደል? ስንቱ ነው መልሕቁን ከነገመዱ ሸኝቶ የቀረው። ጫፉን በገመድ እንጂ በብረት አትሰሩት፤ ቸግሮ ሲመጣ በቢላ ይቆረጣል።

በየ5 ሜትሩ ቀለም ቀቡ ወይም ጨርቅ እሰሩ። ትልቅ መርከብ ላይ ሰንሰለት በሜትር አይቆጠርም፤ በሻክል ነው፣ አንዱ 27.5 ሜትር። መጋጠሚያውም ሻክል፣ ርዝመቱም ሻክል፤ አዲስ ገብቼ ሳለ አንድ ወር ግራ ተጋብቻለሁ። ካፒቴኑ ከላይ «ስንት ሻክል?» ብሎ ሲጠይቅ በጨለማ የሚያድናችሁ ቀለሙ ነው። ለናንተም እንደዚያው።

መጣል

ስሙ «መጣል» ይሁን እንጂ አይወረወርም። ይወርዳል።

ጀልባዋን ልትቆም ከምትፈልጉበት ቦታ አልፋችሁ ወደ ነፋሱ ንዱ፤ አፍንጫዋ ነፋሱን ይጋፈጥ። ትቁም። መልሕቁን ወለሉን እስኪነካ በእጃችሁ አውርዱ። ነፋሱ ወደ ኋላ ሲወስዳት ሰንሰለቱን ቀስ እያላችሁ ልቀቁ። በአንድ ጊዜ ከለቀቃችሁት መልሕቁ ላይ ይቆለላል፣ ክንዱ ላይ ይጠመጠማል። የጥልቀቱን 3 እጥፍ ስትለቁ ያዝ አድርጉ፤ ይወጠርና መልሕቁ መንከስ ይጀምራል። ከዚያ የቀረውን ልቀቁ። እግራችሁን ከተጠቀለለው ገመድ ውስጥ አውጡ፤ ይህ ቀልድ አይደለም፣ እግር ይወስዳል።

በመጨረሻ ሞተሩን ወደ ኋላ፣ ለስለስ አድርጋችሁ ስጡት። ከዚያ ትንሽ ጨምሩ። ሞተሩ ያላስነቀለውን መለስተኛ ነፋስ አያስነቅለውም።

ገመዱ ከአፍንጫዋ ይውጣ። ከኋላ ያሰረ ሰው ሞገዱን በዝቅተኛው በኩል ጋብዟል።

ይዟል ወይስ እየሄደ ነው?

እጃችሁን የተወጠረው ሰንሰለት ወይም ገመድ ላይ አድርጉ። መልሕቁ ከያዘ ጸጥ ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚጠብቅና የሚላላ ውጥረት ይሰማችኋል። እየተጎተተ ከሆነ ግርርር ይላል፤ ጋሪ ኮብልስቶን ላይ ሲሄድ እንደሚሰማው። አንድ ሌሊት ወደብ ውጪ ቆመን ይህን ግርርታ በጫማዬ ሥር ሰምቼ ነው መኮንኑን የቀሰቀስኩት። መሣሪያው ገና ምንም አላለም ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ዓይን ነው። የሐይቁ ዳር ላይ አንድ መስመር የሚሠሩ ሁለት ነገሮች ምረጡ፤ አንድ ዛፍና ከኋላው ያለ የቤት ጣሪያ። ዛፉ ከጣሪያው ላይ ፈቀቅ ካለና ካልተመለሰ ተነሡ። ጀልባ ግራና ቀኝ መወዛወዟ ያለ ነው፤ በአንድ ወገን ሄዳ መቅረቷ ነው ችግሩ። ለሌሊት ስልካችሁ ላይ ቦታችሁን ምልክት አድርጉ።

ነፋሱ ሲበረታ

መጀመሪያ የምትሠሩት ገመድ መጨመር ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ። ከ5 እጥፍ ወደ 7 ውጡ። ማዕበል ከሆነ 10። ከ7 ወደ 10 ያለው ትርፍ ሁለት ዲግሪ ተኩል ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ ብዙ አትደክሙ።

ርዝመት ዋጋ አለው። 45 ሜትር ለቃችሁ ከሆነ ጀልባዋ 45 ሜትር ሲደመር የራሷን ርዝመት ያህል ዙሪያውን ትዞራለች። ሐይቅ ላይ ቀን ነፋሱ ከውኃው ወደ ምድር፣ ሌሊት ደግሞ ከምድር ወደ ውኃው መንፈስ ይወዳል። ማታ ከዳር ርቃ የተኛች ጀልባ በማግስቱ ከሰዓት ድንጋይ ላይ ልትገኝ ትችላለች። ስለዚህ ክቡን በዓይናችሁ ሣሉት። ውስጡ ድንጋይ፣ መረብ፣ የሰው ጀልባ ካለ ቦታ ቀይሩ። ገመዱን አታሳጥሩ።

ገመድ ሳይጨምሩ ሰንሰለት ብቻ የሚጠቀሙ አሉ። ለእነሱ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ለተራ ቀን ይበቃል። ሰንሰለት ሲወጠር ግን ብረት ነው፤ አይለጠጥም። ከጀልባዋ 4 ሜትር ያህል ናይለን አውጥታችሁ ሰንሰለቱ ላይ በመንጠቆ ያዙት፤ ሰንሰለቱን ትንሽ አላሉት። ጉተታውን ናይለኑ ይቀበላል።

ማንሣት

እዚህ ጋ ነገሩ ይገለበጣል። እስካሁን የሸሸነውን ወደ ላይ መሳብ አሁን እንፈልገዋለን። ወደ መልሕቁ ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ ገመዱን እየሰበሰባችሁ። በጉልበት ጀልባዋን አትጎትቷት፤ ሞተር ለምን ተገዛ? ገመዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሲወርድ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩትና ትንሽ ጠብቁ። ሞገዱ አፍንጫዋን ከፍ ባደረጋት ቁጥር እያላላው ራሱ ይነቅለዋል።

ወለሉ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው ሌላ ቀጭን ገመድ የመልሕቁ ጭንቅላት ላይ አስራችሁ ጫፉን በባዶ ጀሪካን አንሳፉ። ድንጋይ ሥር ከተቀረቀረ በዚያ በኩል ወደ ኋላ ይወጣል።

ጭቃውን እጠቡ፣ ሰንሰለቱን አድርቁ። በዓመት አንዴ ቀለበቶቹ እርስ በርስ የሚፋጩበትን ቦታ፣ ጎኑን ሳይሆን መታጠፊያውን፣ በካሊፐር ለኩ። ትልልቅ መርከቦች ሰንሰለታቸው 12 በመቶ ሲሳሳ ይቀይሩታል። 8 ሚሊ የነበረው 7 ላይ ከደረሰ ለግቢ በር ይሁን። የእኛ ግቢ በር ላይ አሁን ያለው 13 ሚሊ ነው፤ 6 ሜትር፣ ምንም አልሳሳም።